ፈሰሳችን ይጻፍ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የማኅበራችን አባላት፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ኮንዶሚኒየም ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ኮሚቴው በዘንድሮው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የመንደራችን ታሪክ በንባብ እንዲቀርብ ወስኗል። ታሪክ ሲባል ማን ገዛ፣ ማን ተሻረ የሚለው ነው የሚቀድመው። የዚህ የአቃቂ ሜዳ ታሪክ ግን የውሃ ታሪክ ነው። ሰው እዚህ መንደር ሆኖ የኖረው ክረምት የሚተኛበትን ውሃ ተጋግዞ ማስወጣት ስለቻለ ነው። እኔም ዛሬ የቆምኩት ይህን ለመናገር ነው።

አፈራችንን ታውቁታላችሁ። አማርኛው መረሬ ይለዋል፣ ኦሮምኛው ኮቲቻ። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የእረኛ በትር ይውጣል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚዘንበው ወደ ውስጥ አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ይተኛል። ውሃ የተኛበት ሥር ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በአፈሩ ያለው ናይትሮጅንም ጋዝ እየሆነ ይጠፋል። ቡቃያው ቢጫ ሲሆን ማዳበሪያ አነሰው ብለው ዩሪያ የሚጨምሩ አሉ። እባካችሁ፣ ውሃው ሳይወጣ ዩሪያ አትበትኑ፤ ገንዘባችሁ ነው አብሮ የሚሄደው።

አያቶቻችን ጤፉን እስከ ሐምሌ ማገባደጃ፣ ሽምብራውንና ጓያውን እስከ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም የሚያቆዩት ለዚሁ ነው። ሽምብራ ዝናብ ካለፈ በኋላ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ፍሬ ይሰጣል። ማቆየት ግን ዋጋ አለው፤ መሬቱ በከባዱ ዝናብ ራቁቱን ስለሚውል ለሙ አፈር ይታጠባል። ከዚህ ሁሉ የሚያድነን ፈሰስ፣ ማለትም ውሃውን ከማሳ የሚያወጣው በማረሻ የተቀደደ ትልም ነው።

የፈሰስ አወጣጥ እዚህ ላላችሁ ወጣቶች በደንብ ይነገር። ጤፉ ከተዘራ በኋላ፣ በዚያው ጥማድና በዚያው ማረሻ፣ ተዳፋቱን በሰያፍ እየቆረጡ ይወጣል። ቁልቁል ቀጥ ብሎ የወረደ ፈሰስ ውሃው ይቸኩልበትና በሁለት ሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። በጣም ጋደም ያለውም ደለል ሞልቶት ውሃው መሐል ላይ ይቆማል፣ ጤፉን ያሰጥመዋል። ልኩን የሚያውቀው ባለፈው ክረምት ውሃው የት እንደቆመ ያየ ዓይን ነው። ፈሰሱ ዋናው ቦይ ላይ ያርፋል። ዋናው ቦይ ስፋቱ አንድ እርምጃ፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ነው፤ የሚወጣው አፈር በታችኛው ዳር ይከመራል፣ በላይኛው ከተከመረ የመጀመሪያው ዶፍ መልሶ ይከተዋል። የቦዩ አፍ ላይ ያለው ሳር አይነቀልም፣ ከብትም አይለቀቅበትም፤ ውሃው ሲወጣ ጉልበቱን የሚያበርደው ያ ሳር ነው። ቁፋሮው ደግሞ ሁልጊዜ ከታች ይጀመራል። ከላይ የጀመረ ሰው ውሃውን መውጫ ወደሌለው ቦታ ነድቶ የጎረቤቱን ማሳ ኩሬ ያደርገዋል።

መንደር የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። የላይኛው ማሳ ውሃ በታችኛው ማሳ ማለፉ አይቀርም። እንግዲህ የላይኛው ባለማሳ አካፋውን ይዞ የታችኛውን ቦይ ካልቆፈረ፣ የታችኛው ደግሞ ካላሳለፈው ሁለቱም ይራባሉ። ከሰኔ ሚካኤል በፊት ደቦ የሚወጣው፣ ጠላው የሚጠመቀው፣ ጠበኞች በቦይ ዳር የሚታረቁት ለዚህ ነበር።

ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እህል ሰጠናት፤ ጭድ ሰጠናት፣ የጭቃ ቤቷ የተመረገው ከእንዲህ ዓይነቱ አውድማ በወጣ የጤፍ ጭድ ነው። ባቡሩ በ1909 በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ ገባ። ጭሰኛው እርቦና ሲሶ፣ ሲከፋም እኩሌታውን እየገበረ ኖረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጁ ወጣ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ተፈቀደ፣ የገበሬ ማኅበርም ቢያንስ በ800 ሔክታር፣ ማለትም በ20 ጋሻ ላይ እንዲቋቋም ተደነገገ። ከዚያ አምራች ኅብረት ሥራ፣ የእህል ኮታ፣ የመንደር ምሥረታ መጣ፤ በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙው ፈረሰ። በመሐሉ ሁለት ማረሻ አጣምሮ 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ የሚያወጣው መሣሪያም ተሠራ፤ ውሃው ቀድሞ ስለሚወጣ ስንዴን በሰኔ መጨረሻ መዝራት ያስችላል። መንግሥት ተለዋወጠ፣ ቦያችን ግን በየሰኔው ይጠረግ ነበር።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ።

መንገዱ ሲሠራ ዋናው ቦያችን ላይ ቱቦ ተቀበረ። ሄዳችሁ እዩት። የቱቦው አፍ ከቦዩ ወለል አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ አንድ ስንዝር መተኛት አለበት፣ ከዚያ በኋላ ነው ማለፍ የሚጀምረው። በሜዳ ላይ አንድ ስንዝር ማለት ስንት ጥማድ መሬት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ! ይህ ሳያንስ፣ ለሕንፃ መሠረት መረሬው ተቆፍሮ ይወጣና ሰሌክት፣ ማለትም የማያብጥ የተመረጠ አፈር ይሞላበታል፤ አፈራችን ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር ትክክለኛ ሥራ ነው። የወጣው መረሬ ግን የት ተደፋ? ገልባጭ መኪና በሌሊት እየመጣ ቦያችን ውስጥ ደፋው! ጎረቤቶቻችን ሆይ፣ ክረምት ምድር ቤታችሁ የሚገባው ውሃ የእኛ ጥጋብ አይደለም፤ መውጫው የተደፈነበት ያው ውሃ ነው።

አቤት ስንል ምን ተባልን? "እዚህ ቦታ ቦይ እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ አምጡ።" መቶ ሰው በየዓመቱ የቆፈረው ቦይ ሰነድ የለውም ተብሎ የለም ተባለ!

ሕጉ ይህን አይልም። አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበት ሰው ለንብረቱ ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ላደረገው ቋሚ ማሻሻያም ካሳ እንዲከፈለው ደንግጓል፤ ማሻሻያው የሚተመነውም በመሬቱ ላይ በዋለው ገንዘብና ጉልበት ነው። በ1161/2011 ሲተካ የመፈናቀያ ካሳው ስሌት ተቀየረ፤ ቀድሞ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ይባዛ የነበረው፣ ከሦስቱ ዓመት ከፍተኛው ገቢ በ15 እንዲባዛ ሆነ። የጉልበቱ ነገር ግን ጸንቶ ይኖራል። ገማቾች ሲመጡ ባሕር ዛፍ ይቆጥራሉ፣ አጥር ይለካሉ፣ ቦዩን ተራምደው ያልፋሉ። ለምን ያልፉታል? እኛስ ለምን እናሳልፋቸዋለን?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይጻፍ ነው። እያንዳንዱ ቦይና ፈሰስ መነሻው፣ መድረሻው፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ በየሰኔው ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚሠራበት ይመዝገብ። በስልክ ፎቶ ይነሣ፣ ሦስት ሽማግሌ ይፈርምበት፣ ወደ ቀበሌ በደብዳቤ ይግባ፣ ቀሪው ከማኅበሩ መዝገብ ጋር ይቀመጥ። የቱቦውንም ከፍታ በራሳችን እንለካለን፤ ግልጽ የሆነ የፕላስቲክ ጎማ ውሃ ሞልቶ ሁለት ጫፉን ማቆም በቂ ነው፣ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። ውስጡ አየር እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ልኩን ያሳስታል።

የመጪው ቅዳሜ ማለዳ እንጀምር። ሜትርና ደብተር ከማኅበሩ ነው። አካፋና ዶማ ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ። ከኮንዶሚኒየሙ የሚመጡም ቦት ጫማ ያድርጉ። መገናኛችን ወንዙ ዳር፣ የዋናው ቦይ አፍ ላይ ነው፤ የምንጀምረው ከታች ነው።