ፎልደር ኦፕሽን የት ገባ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። አትሳቁ! አዎ፣ በፈረንጆቹ 2001 የወጣ፣ ማይክሮሶፍት ራሱ በኤፕሪል 2014 እጁን ያነሳበት ሲስተም ነው። ግን እኛ ጋ ዛሬም በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥግ ቁጭ ብሎ ፕሪንት የሚያደርግ ኤክስፒ አይጠፋም። አሮጌው ፕሪንተር ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር አይግባባም፤ ኮምፒውተሩም አዲሱን አይሸከምም። እስከሠራ ይሥራ ነው ነገሩ።

ሰሞኑን አንድ ጽሕፈት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቷን እትዬ ነው የምላቸው። "ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ፋይል መብላት ጀመረ" አሉኝ። አጠገባቸው አንዲት ተማሪ ቆማለች። የመመረቂያ ጽሑፏን በፍላሽ ይዛ መጥታ፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው ፎልደሩ አልከፈት አላት። ፊቷ አመድ መስሏል።

ፍላሹን ከፈትኩት። የፎልደሯ ስም አለ፣ ቢጫዋም ምልክት አለች። ዓይነቱን ስታዩት ግን "አፕሊኬሽን" ይላል። ፎልደር አፕሊኬሽን ሆኖ አያውቅም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በዚያው ስም፣ በዚያው መልክ ራሱን ያስቀምጣል። እናንተ ፎልደር ልትከፍቱ ሁለቴ ትጫናላችሁ፣ የሚነሳው እሱ ነው። ልጅቷን ወዲያው ያረጋጋኋት በአንድ ነገር ነው፦ በፍላሹ ላይ በቀኝ ተጭኜ ፕሮፐርቲስ ገባሁና የተያዘውን ቦታ አሳየኋት። ፋይሉ ቢጠፋ ኖሮ ፍላሹ ባዶ ነበር የሚሆነው። ሞልቷል። ስለዚህ አለ፣ ተደብቋል።

የተደበቀ ነገር ለማየት መንገዱ ይታወቃል። ቱልስ ሜኑ፣ ፎልደር ኦፕሽን፣ ቪው፣ ከዚያ የተደበቁትን አሳይ። ቱልስን ስጫነው ማፕ ኔትወርክ ድራይቭ አለ፣ ዲስኮኔክት አለ፣ ሲንክሮናይዝ አለ። አለቀ። ፎልደር ኦፕሽን የለም። ደብዝዞ እንኳ አይታይም፣ ጭራሽ ከሜኑው ወጥቷል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይቺ ነጥብ ናት። ቫይረሱ ምንም አልሰበረም። ማይክሮሶፍት ይህን ማጥፊያ የሠራው ለአድሚኒስትሬተሮች ነው፤ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ላብ የሚያስተዳድር ሰው ተማሪዎች ሴቲንግ እንዳይነካኩበት ሜኑዎችን መደበቅ ይችላል። ሪጂስትሪ ውስጥ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ ነው) "ኖ ፎልደር ኦፕሽንስ" የሚባል ዋጋ 1 ከተደረገ፣ ሜኑው ይጠፋል። ቫይረሱ የሠራው ይህንኑ ነው። ዊንዶውስም አዛዡ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ታዘዘ።

ይሄ ዘዴ የቆየ ነው። በፈረንጆቹ 2005 ከኢንዶኔዥያ የተነሳው ብሮንቶክ የሚባለው ቫይረስ ፎልደር ኦፕሽንን ያጠፋ ነበር፣ ሪጂስትሪው የሚስተካከልበትን ፕሮግራም፣ ረጅኢዲትንም ይዘጋ ነበር። ከዚያም አልፎ አንዳንድ ፕሮግራም ስትከፍቱ የመስኮቱን ርዕስ አንብቦ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያደርግባችኋል። የዚያን ዘመን የኢንተርኔት ካፌ ደንበኞች ታስታውሱታላችሁ። እኛ ጋ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለነበር የቫይረሱ ታክሲ ፍላሽ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ቢሮ።

ወደ እትዬ ኮምፒውተር ልመለስ። ረጅኢዲትን ልከፍት ብል "ሪጂስትሪ ማስተካከል በአድሚኒስትሬተርዎ ተከልክሏል" የሚል መልእክት መጣ። ምን እንደሚል ነገርኳቸው።

"የምን አድሚኒስትሬተር? ቤቱ የኔ አይደል እንዴ!"

እውነታቸውን ነው! ስንት ሰው ይህን መልእክት አይቶ "አንድ የሚያውቅ ሰው ዘግቶት ይሆናል" ብሎ ትቶታል መሰላችሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ባለሙያ "ፎርማት ይደረግ" የሚለው። እኔ ይሄን ነገር አልወደውም። ለባለሙያው ቀላል ነው፤ ሲዲውን ይከታል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሂሳብ ይቀበላል። ግን የፕሪንተሩ ድራይቨር ሲዲ የት አለ? ደግሞም ሲ ድራይቭ ፎርማት ሲደረግ ዲ ላይ ያለው ቫይረስ አይነካም፣ ፍላሹም ላይ ያለው እንዲሁ። ማታ ፎርማት የተደረገው ማሽን ጠዋት ያው ነው።

መጀመሪያ ቫይረሱን ግደሉ። ሜኑውን ቀድማችሁ ብትመልሱት እየሠራ ያለው ቫይረስ መልሶ ያጠፋዋል፤ እናንተ 0 ስታደርጉ እሱ 1 ያደርጋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 8 ተጭናችሁ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ግቡና በአንቲቫይረስ አጽዱት። ከዚያ ኤክስፒው ፕሮፌሽናል ከሆነ፣ ራን ላይ ጂፒኢዲት ዶት ኤምኤስሲ ብላችሁ የአድሚኒስትሬተሩን ቅንብር ክፈቱ። ሲስተም ስር ሪጂስትሪን የሚከለክለውን ዲሴብል፣ ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር ስር ደግሞ ፎልደር ኦፕሽንን ከቱልስ የሚያወጣውን ዲሴብል አድርጉ። ሆም ኤዲሽን ላይ ይሄ መሣሪያ የለም። እዚያ ላይ መጀመሪያ የሪጂስትሪውን ክልከላ በትንሽ የኢንፍ ፋይል (ለዊንዶውስ የቅንብር ትእዛዝ የሚይዝ የጽሑፍ ፋይል) ታስነሳላችሁ፤ በቀኝ ተጭኖ ኢንስቶል ማለት ነው። ከዚያ ረጅኢዲትን ከፍታችሁ በከረንት ዩዘር ስር ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከረንት ቨርዥን፣ ፖሊሲስ፣ ኤክስፕሎረር ብላችሁ ወርዳችሁ "ኖ ፎልደር ኦፕሽንስ"ን ታጠፋላችሁ። ሎካል ማሽን ስር ያለውንም ተመልከቱ፤ እዚያም ሊጽፈው ይችላል። ሎግ ኦፍ ብላችሁ ተመለሱ።

የእትዬ ማሽን ፕሮፌሽናል ስለነበር ተገላገልኩ። ቱልስን ስጫነው ፎልደር ኦፕሽን ከታች ቁጭ ብሏል።

አንዳንዴ ሜኑው ተመልሶም "የተደበቁትን አሳይ" የምትለዋን ስትመርጡ ምርጫችሁ አልጸና ይላል፤ መልሳችሁ ስትከፍቱት ወደ ነበረበት ተመልሶ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ ረጅኢዲት ላይ ሎካል ማሽን ስር በዚያው መንገድ እስከ ከረንት ቨርዥን ወርዳችሁ፣ ኤክስፕሎረር፣ አድቫንስድ፣ ፎልደር፣ ሂድን፣ ሾው ኦል ውስጥ "ቼክድ ቫልዩ" 1 መሆኑን እዩ። ቫይረሶች እሷን 0 ማድረግ ይወዳሉ።

የልጅቷን ፋይል ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነበር የሰጠኋት። ሜኑ የማይጠይቅ መንገድ አለና። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ፣ ፍላሹ ላይ ገብቼ አትሪብ፣ ማይነስ ኤች፣ ማይነስ ኤስ፣ ከዚያ ስላሽ ኤስ፣ ስላሽ ዲ ብዬ ኢንተር። ፎልደሯ ብቅ አለ። ሐሰተኛውን ፋይል አጠፋሁ። "አሁኑኑ ፕሪንት ይደረግልኝ" አለች፣ ነገ ማስረከቢያዋ ነው።

ለእትዬ የነገርኳቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህ ማሽን ኢንተርኔት አያስፈልገው፤ ገመዱን ይንቀሉለት፣ ፕሪንት ብቻ ያድርግ። ሁለተኛ፣ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ እንዳይነሳ አውቶረንን ዘጋሁላቸው። ማይክሮሶፍት ይሄን ለኤክስፒ በአፕዴት ያወጣው በፈረንጆቹ 2011 መጀመሪያ ላይ ነው፤ የሳቸው ማሽን ግን አፕዴት አይቶ አያውቅም። ሂሳብ ስንት ነው ሲሉኝ የራሴን ሰነድ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ ተቻቻልን።

በሉ፣ እናንተም ጋ የጠፋ ሜኑ ካለ ጻፉልኝ። የየትኛው ዊንዶውስ እንደሆነ ግን አትርሱ። ሰላም ሁኑ።