የሜዳ አህያው ምስል

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ኤምአርአይ ሁለት ምስል ይሰጠናል። አንደኛውን፣ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳየውን፣ ሁላችንም እናነበዋለን። ሁለተኛው ፌዝ ነው፤ ሲግናሉ በዙሩ ላይ የት እንደደረሰ የሚያሳየው። ጥሬውን ስትከፍቱት የሜዳ አህያ ቆዳ ይመስላል። «ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ብለን እንዘጋዋለን።

ፌዝ የሚለካው በማዕዘን ነው። 180 ዲግሪን ሲያልፍ ዞሮ ከነጌቲቭ 180 ይጀምራል፤ ሰዓት ከ12 በኋላ ወደ 1 እንደሚመለሰው። ጥቁርና ነጩ መስመር የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የታጠፈውን እንዘረጋለን። ቀጥሎ አየርና አጥንት ከሚገናኙበት፣ ከሳይነስና ከጆሮ አካባቢ፣ የሚመጣውን ሰፊ ጥላ በፊልተር እናነሳለን። እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ፊልተሩ ከበረታ የምንፈልገውንም ጠርጎ ይሄዳል።

የምንፈልገው ከ10 ሚሊሜትር የማይበልጥ ነጥብ ነው። ትንሽ የአንጎል ደም መፍሰስ ሄሞሲደሪን የሚባል ብረት ያዘለ ቅሪት ይተዋል። ብረቱ በዙሪያው ያለውን መግነጢሳዊ መስክ ይረብሻል። ነጥቡም ከትክክለኛ መጠኑ ገዝፎ፣ ጠቁሮ ይታያል።

ጣጣው፣ አንጎል ውስጥ የተከማቸ ካልሲየምም በተለመደው፣ በጥንካሬው ምስል ላይ ጥቁር ነው። በፌዝ ላይ ግን ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። አንዱ ሲነጣ ሌላው ይጠቁራል።

የትኛው ነው የሚነጣው? በዚህ ጉዳይ አንዴ ጉድ ሆኛለሁ። ከሌላ ማሽን የመጣ ምስል ሳነብ፣ በለመድኩት ቀለም ሄጄ ካልሲየሙን ደም አልኩት። አምራቾች የፌዝን ምልክት አንድ ዓይነት አድርገው አይጽፉትም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ደም መልሶችን ነው። ኦክስጅኑን የለቀቀ ደም የብረቱ ወገን ስለሆነ፣ ቀለሙ ማሽኑ በየትኛው መንገድ እንደሚጽፍ ይነግረኛል። ደግሞ የነጥቡን መሃል ነው የማነበው፤ ከላይና ከታች ያለው ስላይስ (የምስሉ ቁራጭ) ላይ ቀለሙ ይገለበጣል።

ስህተቷ ቀላል አይደለችም። ለአልዛይመር የሚሰጠው መድኃኒት፣ ሌካኔማብ፣ ራሱ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። ነጥቦቹ ከ4 ከበለጡ እንዳይጀመር የሚመክር የባለሙያዎች መመሪያ አለ። ታዲያ 5ኛዋ ነጥብ ካልሲየም ብትሆንስ?

እስኪ መብራቱን ቀንሱልኝ። 5 ነጥብ ያለው ምስል ይዤ መጥቻለሁ፤ ከፌዙ እንጀምር።