ቆልማማ እግር ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና እንዴት ይቃናል?

[ምስል፦ በነጭ ጨርቅ ላይ የተኛ ጨቅላ ሕፃን፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ግራ እግሩ ይቀርባል።]

በምስሉ ላይ የምትመለከቱት ከተወለደ ሁለት ሳምንት የሆነው ሕፃን እግር ነው። ተረከዙ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ የውስጥ እግሩ ወደ ሌላኛው እግር ዞሯል፤ ከመሃሉ እስከ ጣቶቹ ያለው ክፍል እንደ ማጭድ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ በመርገጫው መሃል ላይም ጥልቅ ስርጉድ ይታያል። እግሩን ይዛችሁ ለማቃናት ብትሞክሩ በከፊል ይታዘዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በማህፀን ውስጥ በነበረው አቀማመጥ ምክንያት ብቻ የታጠፈ እግር በእጅ ሲነካ በቀላሉ ስለሚቃና፣ ሐኪሞች ሁለቱን የሚለዩት በዚህ ነው። በቀላሉ የማይመለሰው በሕክምናው ዓለም ክለብፉት፣ በእኛ አነጋገር ደግሞ ቆልማማ እግር ይባላል።

ይህ ዓይነቱ እግር በግምት ከ1,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል። በወንዶች ላይ የሚከሰተው በሴቶች ላይ ከሚከሰተው እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ሕፃናት ሁለቱም እግሮቻቸው የተቆለመሙ ናቸው። በአብዛኞቹ ላይ መንስኤው ተለይቶ አይታወቅም፤ በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ መደጋገሙ ግን ዘር ድርሻ እንዳለው ያሳያል። በጥቂቶቹ ላይ ከአከርካሪ ወይም ከጡንቻና ከነርቭ ችግር ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ሐኪሙ እግሩን ብቻ ሳይሆን የሕፃኑን ጀርባ፣ ዳሌና እጆች ጭምር መመርመር ይኖርበታል። እናት በእርግዝናዋ ወቅት በተኛችበት አኳኋን፣ በሠራችው የቤት ሥራ ወይም በደረሰባት ድንጋጤ የልጇ እግር አይቆለመምም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በጥፋተኝነት ስሜት የተያዘች እናት ልጇን ወደ ሕክምና ለማምጣት ስትሸማቀቅ የሚባክነው ጊዜ የሕፃኑ ስለሆነ ነው።

[ምስል፦ የጨቅላ ሕፃን እግር ውስጣዊ ሥዕል፤ አጥንቶቹ በቀላል፣ ጅማቶቹ በደማቅ ቀለም።]

እንዲህ የተቆለመመ እግር ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሊቃና የሚችለው በሕፃኑ ለጋነት ምክንያት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የእግር አጥንቶች አብዛኛው ክፍላቸው ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት ነው። እግሩን ወደ ውስጥና ወደ ታች የሚጎትቱት ጅማቶች አጥረውና ወፍረው ቢገኙም፣ በቀስታ ተለጥጠው በዚያው ሁኔታ ለጥቂት ቀናት ሲቆዩ እየላሉ ይረዝማሉ። ወደ ቦታቸው የተመለሱት ልም አጥንቶችም ከአዲሱ አቀማመጥ ጋር የሚስማማ ቅርጽ እየያዙ ያድጋሉ። ስለዚህ ሕክምናው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ነገር ግን በዕለቱ ካልተጀመረ የሚያመልጥ ድንገተኛ ሕክምና አይደለም። መራመድ የጀመሩ ልጆችም በዚሁ መንገድ ይታከማሉ፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው ጄሶ ይበዛል፣ ትዕግሥቱም ይረዝማል።

በእጅ እያሹ እግርን ማቃናት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከ2,000 ዓመታት በፊት የኖረው የግሪኩ ሐኪም ሂፖክራተስ፣ የተቆለመመ የሕፃን እግር በለስላሳ እጅ እየተቃና በጨርቅ እንዲታሰር ጽፎ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን ግን ብዙ ሐኪሞች ጅማቶችንና መገጣጠሚያዎችን በስፋት ወደሚከፍት ቀዶ ሕክምና አዘነበሉ። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በ1914 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስፔን ሜኖርካ ደሴት የተወለዱ፣ በአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞችን ያከሙ፣ ከዚያም ተሰድደው በሜክሲኮ በኩል ወደ አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የደረሱ ሐኪም ነበሩ። በ1940ዎቹ በልጅነታቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ሲመረምሩ፣ እግራቸው የተቃና ቢመስልም ግትር፣ ደካማና የሚያም ሆኖ አገኙት። ቢላዋው ያስቀመጠው ጠባሳ ከልጁ ጋር አብሮ አድጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የእግርን አጥንቶች እንቅስቃሴ በዝርዝር አጥንተው፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፖንሴቲ ሕክምና ሠሩ።

የመጀመሪያ ውጤታቸውን በ1963 ቢያሳትሙም ለረጅም ዓመታት ሰሚ አላገኙም ነበር። በ1995 የወጣ ጥናት በልጅነታቸው በዚህ መንገድ የታከሙ ጎልማሶችን መረመረ፤ 78 ከመቶዎቹ እግራቸው ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉ፣ የእግር ችግር ከሌለባቸው ሰዎች መካከል ይህን ደረጃ ያገኙት 85 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ልብ በሉ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው እንዲስፋፋ ያደረጉት ሐኪሞች ብቻ አልነበሩም፤ በኢንተርኔት ተገናኝተው የልጆቻቸውን እግር ፎቶግራፍ የተለዋወጡ ወላጆችም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

[ምስል፦ የባለሙያ እጆች፤ አንደኛው አውራ ጣት በቁርጭምጭሚቱ ውጫዊ ጎን ላይ አርፏል።]

አሁን እጆቹን በጥንቃቄ ተመልከቱ፤ የዘዴው ምሥጢር ያለው እዚህ ነው። ባለሙያው በአንድ አውራ ጣቱ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት በውጪ በኩል የሚዳሰሰውን ታለስ የተባለውን አጥንት ደግፎ ይይዛል። በሌላኛው እጁ የእግሩን ፊተኛ ክፍል ይዞ በዝግታ ወደ ውጪ ያዞራል። ተረከዙን አይነካውም። በር የሚዞረው ማጠፊያው በቦታው ጸንቶ ሲይዘው ነው፤ ታለስም ለዚህ እግር ማጠፊያው ነው። የቀረው የእግር ክፍል በታለስ ዙሪያ ሲዞር ተረከዙም ራሱ ተከትሎ ይዞራል። ቀደም ባሉት ዘመናት ብዙ የጄሶ ሕክምና ሳይሳካ የቀረው እጁ ከታለስ ወደ ፊት፣ በእግሩ መካከለኛ ክፍል ውጫዊ ጎን ላይ ያርፍ ስለነበር ነው። ይህም በሩን እየገፉ በሌላ በኩል ደግሞ እንዳይዞር እንደማገድ ነበር።

ቅደም ተከተሉም አይፋለስም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚቃናው በመርገጫው መሃል ያለው ስርጉድ ብቻ ሲሆን፣ ይህም የአውራ ጣቱን መስመር ወደ ላይ በማንሳት ይሠራል። በዚህ ጊዜ እግሩ ከበፊቱ ይበልጥ ወደ ውስጥ የዞረ ስለሚመስል ወላጆች ይደነግጣሉ፤ ባለሙያው አስቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል እላለሁ። በቀጣዮቹ ሳምንታት እግሩ ደረጃ በደረጃ ወደ ውጪ ይዞራል። ወደ ታች ያዘቀዘቀው የእግሩ ጫፍ የሚነሣው ከሁሉም በኋላ ነው። ተረከዙ ገና ሳይቃና ጫፉን በኃይል ወደ ላይ የሚገፋ ሰው እግሩን ከመሃል ይሰብረዋል፤ መርገጫውም እንደ ጀልባ ሆድ ወደ ታች ያብጣል።

እያንዳንዱ ማቃናት አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ ሕፃኑ እየጠባ ቢሠራለት ጡንቻው ስለሚላላ ሥራው ይቀላል። ከዚያም የተገኘው ለውጥ እንዳይመለስ ጄሶ ይደረጋል። ጄሶው ከጣቶቹ እስከ ጭኑ መጨረሻ ይደርሳል፤ ጉልበቱም በ90 ዲግሪ ይታጠፋል። ከጉልበት በታች የሚያበቃ ጄሶ ከሕፃኑ እግር ሊንሸራተት ይችላል፤ የእግሩንም መዞር አይገታም። በየአምስት ወይም ሰባት ቀኑ ጄሶው ተነሥቶ እግሩ እንደገና ጥቂት ይቃናና ሌላ ይደረግለታል። ለአብዛኞቹ ሕፃናት ከ4 እስከ 7 ጄሶ ይበቃል። ባለሙያው በየሳምንቱ እግሩን ከ0 እስከ 6 በሚሰጥ የፒራኒ መለኪያ ይመዝነዋል፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ማየት ለወላጅም ትልቅ ማበረታቻ ነው።

ቤት ውስጥ ጄሶው እንዳይረጥብ መጠበቅ፣ በየቀኑም ጣቶቹን መመልከት ያስፈልጋል። ጣቱን ጫን አድርጋችሁ ስትለቁ ነጥቶ ወዲያው ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ሕፃኑም ያለማቋረጥ ካለቀሰ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ተቋሙ ውሰዱት። ትላንት ይታዩ የነበሩት ጣቶች ዛሬ ወደ ጄሶው ውስጥ ከጠፉ ደግሞ ጄሶው ተንሸራቷል ማለት ነው። የተንሸራተተ ጄሶ ከማቃናት ይልቅ እግሩን ሊጎዳ ስለሚችል መነሣት አለበት።

[ምስል፦ ተረከዝና ከበላዩ ያለው ወፍራም ጅማት፤ ትንሽ መስመር ብቻ ይታያል።]

በርዕሱ ላይ «ትልቅ» የሚለው ቃል የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ10 ሕፃናት 8 ወይም 9 ያህሉ በመጨረሻው ጄሶ ዋዜማ የአኪሊስ ጅማታቸው መቆረጥ ይኖርበታል፤ ከተረከዝ ጀርባ ያለው ይህ ወፍራም ጅማት እንደ ሌሎቹ ስለማይለጠጥ ተረከዙን ወደ ታች አይለቅም። ቦታው በመርፌ ተደንዝዞ፣ በጥቂት ሚሊሜትር ቀዳዳ ጅማቱ ይቆረጣል፤ ስፌት አያስፈልገውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። የመጨረሻው ጄሶ ለሦስት ሳምንት ሲቆይ የተቆረጠው ጅማት በረዘመበት ልክ ተመልሶ ይያያዛል። «ያለ ቀዶ ሕክምና» ተብሎ የተነገራቸው ወላጆች በዚህ ጊዜ እንደተታለሉ እንዳይሰማቸው፣ ይህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊነገራቸው የሚገባ ነገር ነው።

በፈረንሳይ የዳበረ ሌላ መንገድም አለ፤ በእርሱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እግሩን በየቀኑ እያቃና በፕላስተር ያስራል። ጥሩ ውጤት ቢሰጥም ለወራት ዕለታዊ ምልልስ ስለሚጠይቅ ብዙ ቦታ አልተስፋፋም።

[ምስል፦ በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ትናንሽ ጫማዎች።]

የመጨረሻው ጄሶ ሲነሣ እግሩ የተቃና ሆኖ ይታያል፤ ከ10 እግሮች ከ9 በላይ የሚሆኑት እዚህ ይደርሳሉ። ብዙ ቤተሰብ ሕክምናው አበቃ ብሎ የሚያስበው በዚህ ቀን ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። እግሩን መጀመሪያ ያቆለመመው ዝንባሌ ገና አልጠፋም፤ ልጁ በፍጥነት በሚያድግባቸው ዓመታት ሁሉ እግሩን መልሶ ይጎትታል። ይህን የሚገታው በምስሉ ላይ የምታዩት ብሬስ ነው። ጫማዎቹ በትከሻው ስፋት ልክ በዘንግ ይያያዛሉ፤ የታመመው እግር ወደ ውጪ 70 ዲግሪ ገደማ፣ ጤነኛው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ዞሮ ይቀመጣል። አንድ እግር ብቻ ቢታመምም ሁለቱም ይታሰራሉ፤ አለበለዚያ እግሩን ወደ ውጪ አዙሮ የሚይዝ ኃይል አይኖርም።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብሬሱ በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል፤ ነፃዋ አንድ ሰዓት ለገላ መታጠቢያ ናት። ከዚያ በኋላ ለሌሊትና ለቀን እንቅልፍ ብቻ፣ በድምሩ ከ12 እስከ 14 ሰዓት፣ ልጁ 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሞላው ይቀጥላል። ቆልማማ እግር ከተቃና በኋላ ተመልሶ የሚታጠፍበት ዋነኛው ምክንያት ብሬሱ ሳይደረግ መቅረቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሌሊቶች ከባድ ናቸው። ሕፃኑ የሚያለቅሰው ብዙውን ጊዜ ስላመመው ሳይሆን እግሮቹን ለየብቻ ማንቀሳቀስ ስላልቻለ ነው። ሁለቱንም ጉልበቶቹን በአንድ ላይ እጠፉለት፣ ዘርጉለት፤ በጨዋታ መልክ ሲያየው ራሱ ማድረግ ይማራል። ካለቀሰ በኋላ ብሬሱን የምታወልቁለት ከሆነ ግን ማልቀስ ብሬሱን እንደሚያስወልቅ ይማራል፤ በቀጣዩ ምሽት ደግሞ ይበረታል። የጥጥ ካልሲ አድርጉለት፤ ተረከዙ የጫማውን ወለል እስኪነካ ድረስ መሃለኛውን ማሰሪያ አጥብቁ። ቆዳው በጥቂቱ መቅላቱ የተለመደ ነው። ውኃ የቋጠረ ቁስል ካያችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጫማው ላልቶ ተረከዙ እየተንሸራተተ መሆኑን ያመለክታልና አታላሉት፤ ባለሙያው ይየው። ቅባትም አትቀቡ፤ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፣ መላላጡንም ያብሰዋል።

[ምስል፦ የአምስት ዓመት ልጅ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፤ ከኋላ።]

ይህ ልጅ የተቆለመመው ቀኝ እግሩ ነበር። አስተውላችሁ ካያችሁ የቀኝ ባቱ ከግራው ቀጠን ይላል፤ የጫማውም ልክ በትንሹ ሊያንስ ይችላል። ይህ ልዩነት ከእርሱ ጋር ይኖራል፤ ከመሮጥና ከመዝለል ግን አያግደውም።

ክትትሉ ብሬሱ ከቆመ በኋላም ይቀጥላል። ልጁ ሲቆም ተረከዙ መሬት መንካት ካቆመ፣ በእግሩ ውጫዊ ጠርዝ ላይ መርገጥ ከጀመረ ወይም ሲራመድ የእግሩ ጫፍ እንደገና ወደ ውስጥ ከዞረ፣ እግሩ መመለስ ጀምሯል ማለት ነው። ሕክምናው እንደገና ጄሶ ነው፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የሆናቸውና ደጋግሞ የሚመለስባቸው አንዳንድ ልጆች በእግራቸው የላይኛው ክፍል ያለ አንድ ጅማት ወደ ውጪ በኩል እንዲዛወር ይደረጋል። ቀጠሯችሁ ከሁለት ወር በኋላ ቢሆንም እንኳ ያን ቀን አትጠብቁ፤ ገና የጀመረ መመለስ በጥቂት ጄሶዎች ሊቃና ይችላል።