መዝገቡ ላይ የሌለችው መንታ

ክቡራን እንግዶች፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ የመረጃ ባለሙያዎች፣ በተለይ ደግሞ ከአዳር ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ አዋላጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋሮቢት ድረስ ስንት ሰዓት እንደተጓዛችሁ አውቃለሁ። መንገዱን እኔም አውቀዋለሁ።

ስለ ልደት መረጃ ጥራት እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ብዙ ነገር ጽፌ ነበር። ግን አንድ ታሪክ ሳልነግራችሁ ወደ ሌላው ማለፍ አልችልም።

መስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። አንዲት እናት ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። ሁለት ሴት ልጆች ይዛለች፣ መንታ። ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ትምህርት ቤት ልታስገባቸው ስትል የልደት ምስክር ወረቀት ተጠየቀች። ቀበሌ ሄደች። የክብር መዝገብ ሹሙ ከጤና ጣቢያ የተሰጠሽን ማስረጃ አምጪ አላት። ወረቀቷ አንድ ነው፤ አንድ ሕፃን ይላል። "ሲስተር፣ አንዷን ልጄን አልወለድሽም አሉኝ" አለችኝ። ልክ እንደዚህ ነው ያለችኝ።

የ2009ን የማዋለጃ መዝገብ ከመጋዘን አወጣነው። ከበረኪናና ከአሮጌ ፍራሽ ሥር ነበር። አቧራውን አራግፈን ገጽ በገጽ አየነው። ጥር ላይ ስሟን አገኘሁት። ቀኑ ልክ ነው። የሕፃን ብዛት 1 ይላል። ክብደት 3,000 ግራም። ከጎኑ ያለው ፊርማ የኔ ነው።

ያቺ ሌሊት ወዲያው መጣችብኝ። ብቻዬን ተረኛ ነበርኩ። የመጀመሪያዋ በሰላም ወጣች፣ አለቀሰች። ሁለተኛዋ ስትወጣ ዝም አለች። አደረቅኳት፣ ጀርባዋን አሸሁላት፣ አልሆነም። አምቡ ባጉን አንስቼ አየር እሰጣት ጀመር። እናትየዋ "ምን ሆነች? ምን ሆነች?" ትላለች። መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ አልነበረኝም። በመጨረሻ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እናቷ ደረት ላይ እንዳስተኛኋት ሌላ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ገባች። ሲነጋ፣ ርክክብ ላይ፣ መዝገቡን ከጭንቅላቴ እያወጣሁ ሞላሁት። ለአንድ እናት አንድ መስመር። የሁለተኛዋ መስመር ቀረ። ያ 3,000 ግራምስ? የመጀመሪያዋንም አልመዘንኳትም ነበር። እጄ የለመደውን ጻፈ።

በእጄ ያተረፍኳትን ልጅ በእስክሪብቶዬ አጠፋኋት።

ማንም አልጠየቀኝም። ቁጥሩ ተደመረ፣ ወረዳ ሄደ፣ ዞን ሄደ። ያንን 3,000 ግራም የጠረጠረ የለም። እናትየዋ ግን ምስክር ስትለምንና ስትመላለስ ወራት አለፉ።

ወገኖቼ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ ጽፎ ነበር። በአገር ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው ግን ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። በዚያው በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ያገኘው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት የተመዘገቡት 3 ብቻ እንደሆኑ ነው። ጤና ተቋም ሲወለድ የነበረውም ከመቶ 26 ነበር። በ2011 ወደ 48 ከፍ አለ። እናቶች ቤታቸውን ትተው እኛን አምነው መጡ ማለት ነው። በቃሬዛ፣ በእግር፣ በባጃጅ መጡ። እና እኛ ልጆቻቸውን በትክክል መጻፍ ያቅተን?

ስለዚህ አንድ ነገር ነው የምለው። አልጋው አጠገብ እንጻፍ። ለርክክብ አናሳድረው። እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ፣ ሕፃኑ ከተመዘነ በኋላ፣ እዚያው። ለመንታ ሁለት መስመር።

መዝገባችሁን ገልጣችሁ 3,000፣ 3,000፣ 2,500፣ 3,000 እያለ ከወረደ ሚዛኑ አልሠራም፣ ወይም ማንም አልነካውም። 2,400 ግራም የሆነችውን 2,500 ብለን ስናጠጋጋት፣ ክትትል የሚያስፈልጋት ልጅ ምንም እንዳልጎደላት ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

አሁን ልቆጣ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ልቡ እየመታ የወጣ ሕፃን ከደቂቃዎች በኋላ ያርፋል። መዝገቡ ላይ "ሞቶ የተወለደ" ተብሎ ይጻፋል። ለምን? ሱፐርቪዥን የመጣው ሰው "ለምን ሞተባችሁ?" ብሎ ስለሚያፈጥ ነው! ሞቶ የተወለደ ሲባል ጥያቄው ይቀላል። ኃላፊዎች ስሙኝ። እውነቱን የጻፈችን አዋላጅ ካሸማቀቃችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ያማረ ሪፖርት ታገኛላችሁ። ሕፃናቱ ግን ያው ይሞታሉ። ሞቶ መወለድ ስለ ምጥ ክትትላችን ይነግረናል። ተወልዶ መሞት ስለ አምቡ ባጋችንና ስለ እጃችን። ሁለቱን ስትቀላቅሉብን ምኑን እናስተካክል?

ደግሞ አንዲትን አዋላጅ በአንድ ሌሊት ሦስት እናት አዋልዳ፣ ካርድ፣ ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ)፣ መዝገብና ለቀበሌ የሚቀርበውን የልደት ማሳወቂያ ብቻዋን ትሙላ ማለት አይቻልም። ሁለተኛ ሰው መድቡ። የሚሠራ ሚዛን ግዙ። ፎርም አለቀ አትበሉን።

ቀኑንም ተስማሙበት። ሌሊት 8 ሰዓት የተወለደን ልጅ አንዱ ያለፈውን ቀን ይጽፍለታል፣ ሌላው የሚነጋውን። ካርዱና ማሳወቂያው ሳይገጥሙ ቀበሌ ይሄዳሉ። የእናትና የአባት ስምም ከመታወቂያቸው ይገልበጥ። ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሳ ስም ባይወጣለት የወላጆቹ ስም አለ።

ከመካከላችሁ ዛሬ ማታ አዳር የሚገቡ አሉ። ስትገቡ መጀመሪያ ሚዛኑን እዩት። መኪናው 9 ሰዓት ስለሚነሳ ከዚህ በላይ አላቆያችሁም። አመሰግናለሁ።