ቡችላችሁ እልኸኛ ነው ወይስ አይሰማም? አይቶ ነው ወይስ አሽትቶ ነው የሚሄደው?

ሰላም ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ነገር ከልቤ ነው፣ ምክንያቱም አንዲት ትንሽዬ ቡችላን ሁለት ሳምንት ሙሉ "እልኸኛ" እያልኩ ስቆጣት ከርሜ ለካ እሷ ድምፄን አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም ነበር።

(ምስል፦ ነጭ ቡችላ በረንዳ ላይ ተኝታ)

በረዶ ነው የምንላት። ሙሉ ነጭ ናት፣ ጭራዋ ላይ ብቻ ትንሽ ጥቁር አላት። ሁለት ወር ሲሞላት ነው ከእናቷ ተለይታ እኛ ቤት የመጣችው። ስጠራት አትመጣም፣ የግቢው በር ሲደበደብ ትልቁ ውሻችን እየጮኸ ሲሮጥ እሷ እንቅልፏን ትለጥጣለች፣ እኔ ደግሞ ወይ ጥጋብ እላለሁ። የነቃችው እማዬ ናት፣ መኪና ግቢ እየገባ ክላክስ ሲነፋ በረዶ ጎማው ስር ልትገባ ምንም አልቀራትም ነበር፣ እማዬ አነሳቻትና "ይቺ ልጅ እኮ አትሰማም፣ ዝም ብለሽ ነው የምትቆጫት" አለችኝ።

እናቷ ጋ እያለች ለምን አልታወቀም ካላችሁ፣ የማይሰማ ቡችላ ከወንድሞቹ ጋር እያለ በጣም ይሸውዳል። እነሱ ሲነሱ ይነሳል፣ ሲሮጡ ይከተላል፣ ምግብ ሲመጣ አሽትቶ ያውቃል። የሚጋለጠው ብቻውን ሲሆን ነው። አንድ ምልክት ግን እዛም እያለ ይታያል፣ ሲጫወት አጥብቆ ይነክሳል። ቡችሎች ንክሻ መመጠን የሚማሩት ሌላው "ቂው" ብሎ ሲጮህ ሰምተው ነው፣ ጩኸቱን የማይሰማው ከየት ይማር?

ዕድሜውንም እዩ። ቡችላ ሲወለድ ዓይኑም ጆሮውም ዝግ ነው። ዓይኑ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል፣ የጆሮው ቀዳዳ ደግሞ ከዛ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከፈታል፣ 3 ሳምንት አካባቢ ሲሆን ድንገተኛ ድምፅ ያስደነግጠዋል። ስለዚህ የ2 ሳምንት ቡችላ አልሰማኝም ብላችሁ አትጨነቁ፣ ገና ነው። ዓይኑም መጀመሪያ ሲገለጥ ትንሽ ጉም ያለበትና ሰማያዊ ነገር ይመስላል፣ እሱም የሚጠራ ነገር ነው።

እሺ፣ ቤት ውስጥ እንዴት እንሞክረው። ሁላችንም የምናደርገው ፊቱ ቆመን ማጨብጨብ ነው፣ ይሄ ምንም አይነግራችሁም። እጃችሁን ያያል፣ የምትፈጥሩት ንፋስ ፊቱን ይነካዋል፣ በእግራችሁ መሬት ከመታችሁ ደግሞ ንዝረቱ በመዳፉ ይገባል፣ እሱ ዞር ሲል እናንተ "አይ ይሰማል" ብላችሁ ትተዉታላችሁ። እኔም መጀመሪያ የተሸወድኩት በዚህ ነው፣ የበረንዳውን ብረት በር ዘግቼ ዞር ስትል ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለካ ወለሉ ነው የነገራት።

ትክክለኛው እንደዚህ ነው። ቡችላው ሲተኛ፣ ወይም ጀርባውን ሰጥቶ አንድ ነገር ሲያኝክ ጠብቁ። ሌላው ውሻ ከክፍሉ ይውጣ። እናንተ ከኋላ፣ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብላችሁ፣ ጥላችሁ እንኳን እንዳይደርስበት ሆናችሁ ቁልፍ አንቀጭሉ፣ ከዛ ፉጨት፣ ከዛ የስልክ ድምፅ። የተለያየ ድምፅ የምለው አንዳንዱ አንዱን ዓይነት ድምፅ ሰምቶ ሌላውን ላይሰማ ስለሚችል ነው። ጆሮው ተነቃነቀ? መተንፈሱ ተቀየረ? ዓይኑን ገለጠ? በአንድ ቀን አትወስኑ፣ ሦስት አራት ቀን በተለያየ ሰዓት ሞክሩት፣ ደግሞ እየደጋገማችሁ አታሰልቹት፣ የሚሰማ ቡችላም ሲሰለቸው ዝም ይላል።

አንድ ጆሮው ብቻ የማይሰማም አለ። እሱ ድምፁን ይሰማል ግን ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ ስትጠሩት ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይፈልጋል፣ በጤናማው ጆሮው ከተኛ ደግሞ ጭራሽ አይነቃም። ይሄን ቤት ውስጥ መለየት ከባድ ነው። በእርግጠኝነት የሚለየው ቤር የሚባለው ምርመራ ነው፣ ጭንቅላቱ ላይ ቆዳው ስር ቀጫጭን መርፌ ያላቸው ሽቦዎች ይደረጋሉ፣ ጆሮው ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይለቀቃል፣ አእምሮው ለድምፁ የሚሰጠው ምላሽ ኮምፒውተር ላይ በሞገድ ይታያል፣ የማይሰማው ጆሮ መስመሩ ዝም ብሎ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከ5 ሳምንት ጀምሮ ይሠራል። ማሽኑ ያላቸው ክሊኒኮች ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንደገፈው በቤት ሙከራና በሐኪም ምርመራ ነው።

ነጭ ናት ያልኳችሁም ያለምክንያት አይደለም። ለፀጉር ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ውስጠኛው ጆሮ ውስጥም ሥራ አላቸው፣ እነሱ ከሌሉ ለጆሮው ደም የሚያደርሰው ክፍል ይደክማል፣ ከዛ ድምፅ የሚቀበሉት ሴሎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። ስለዚህ ነው እንደ ዳልሜሽን (ነጭ ሆኖ ነጠብጣብ ያለው) ያለ ዝርያ ላይ ደንቆሮነት የሚበዛው። ሁሉም ነጭ ውሻ አይሰማም ማለት ግን አይደለም፣ ብዙዎቹ ጆሮአቸው ደህና ነው። መርል የሚባለው ጉራማይሌ ቀለም ያላቸው ሁለት ውሾች ሲዳቀሉ ደግሞ ከሚወለዱት አንዳንዶቹ ጆሮም ዓይንም የተጎዳ ይሆናል፣ እባካችሁ ሁለቱን አታዳቅሉ፣ ለመልክ ብላችሁ የሚመጣውን ስቃይ ቡችላው ነው የሚከፍለው።

እንዲህ አብሮ የተወለደ ከሆነ አይድንም። ግን ሁሉም እንደዛ አይደለም፣ ጆሮው ውስጥ ተባይ፣ ኢንፌክሽን፣ ወይ የደረቀ ኩክ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ይታከማል። ጆሮው ይሸታል፣ ያካል፣ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል? ሐኪም ጋ ውሰዱት። ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ውሃ፣ ወይ ቤት የቀረ የሰው ጠብታ አታድርጉበት። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ እንደ ጄንታማይሲን ያለው መድኃኒት ወደ ውስጥ ገብቶ የቀረውን መስማት ራሱ ሊወስደው ይችላል።

(ምስል፦ ጥጥ ከእጅ ስትወድቅ)

አሁን ወደ ዓይን። እዚህም ያው ስህተት አለ፣ እጃችንን ወደ ዓይኑ ድንገት እናስጠጋና ካልጨፈነ አያይም እንላለን። እንደዛ መጨፈን ግን ቡችላ እያደገ የሚማረው ነገር ነው፣ ብዙዎቹ ሦስት ወር እስኪሞላቸው አያሳዩም፣ የጨፈነውም በእጃችሁ ንፋስ ሊሆን ይችላል። ጥጥ ተጠቀሙ፣ ትንሽ ጥጥ ድምፅም የላትም፣ ሽታም የላትም ማለት ይቻላል፣ ከፊቱ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቋትና በዓይኑ ይከተላት እንደሆነ እዩ፣ በግራም በቀኝም። ከዛ የማያውቀው ክፍል ውስጥ ትራስና ካርቶን በትኑና እንዴት እንደሚያልፍ ተመልከቱ፣ አንዴ በብርሃን አንዴ ደብዘዝ አድርጋችሁ፣ ምክንያቱም ቀን እያየ ማታ ብቻ የሚጠፋበት አለ። ጠረጴዛ ጥግ እየተጋጨ የሚሄድ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ፣ አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ እግሩን እያነሳ የሚረግጥ ከሆነ ጠርጥሩ።

ዓይኑ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከጨፈነው፣ ነጭ ነገር ከሸፈነው፣ በዛው ቀን ሐኪም ጋ ነው፣ ነገ አይባልም። ሐኪሙ ብርቱካናማ ቀለም ያለባት ቀጭን ወረቀት ያስነካውና ቁስል ካለ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ይሄን ሳታውቁ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ መድኃኒት ያለበት የሰው ጠብታ ካደረጋችሁ ቁስሉ ሊባባስና ዓይኑ ሊበሳ ይችላል። ሌላው ደግሞ ቅንጭብ፣ አጥራችሁ ቅንጭብ ከሆነ ወተቱ ዓይን በጣም ያቃጥላል፣ ከነካው በንጹሕ ውሃ ረዘም አድርጋችሁ እጠቡና ሂዱ።

ክትባት ያልጨረሰ ቡችላ ዓይኑና አፍንጫው ፈሳሽ ካለው፣ ካሳለውና ከተንቀጠቀጠ ዲስቴምፐር የሚባለው የውሾች የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ዓይን ይጎዳል። ጠባዩ ድንገት ተቀይሮ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው ደግሞ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቡችላንም ይይዛል። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አያያዙን በተመለከተ፣ ለማያየው ትልቁ ስጦታ ነገሮች ቦታቸው ላይ መቆየታቸው ነው። ውሃው፣ ምግቡ፣ መኝታው አይነሳ። ደረጃ ከመድረሱ በፊት ጆንያ አንጥፉ፣ እግሩ ሻካራውን ሲነካ "እዚህ ጋ ቁም" ማለት እንደሆነ ይማራል። ቦይና ጉድጓድ ክደኑ፣ እሾህ ያለውን ቡገንቪሊያ እሱ ዓይን ቁመት ላይ ከርክሙት። ደግሞ አዝናችሁ ተሸክማችሁ አትዙሩ! ካርታውን የሚሠራው በራሱ እግር ሄዶ ነው፣ ካነሳችሁት ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ መኝታው ጋ ብቻ አውርዱት፣ ከዛ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ከመንካታችሁ በፊት አናግሩት፣ ትልቁ ውሻ አንገት ላይ ቃጭል እሰሩለት።

ለማይሰማው ደግሞ እጃችሁ ነው ድምፃችሁ። እኛ በረዶን መጀመሪያ ያስተማርናት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ዞር ብላ ፊታችንን ባየች ቁጥር አውራ ጣት ወደ ላይ፣ ወዲያው የተቀቀለ ጉበት ቁራጭ። በጥቂት ቀን ውስጥ እየተጫወተች ራሱ በየደቂቃው ዞር እያለች ታየን ጀመር። ከዛ ና፣ ተቀመጥ፣ ተው፣ ለእያንዳንዱ በአንድ እጅ የሚሠራ ምልክት። ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት መጠቀም አለበት፣ ዘበኛውም ልጆቹም፣ አለዚያ ግራ ይገባታል። ማታ ግቢ ውስጥ ስንፈልጋት የበረንዳውን መብራት እናጠፋና እናበራለን። ከግቢ ውጪ ያለ ገመድ አትለቀቅም፣ መኪናም ከመንቀሳቀሱ በፊት የት እንዳለች በዓይን ይታያል። የሚነዝር ኮላር "እየኝ" ለማለት ብቻ ይጠቅማል፣ በኤሌክትሪክ የሚመታውን ግን ፍጹም አልመክርም።

እና ልጆች ያላችሁ፣ ይሄን አደራ፣ የተኛ የማይሰማ ውሻን ድንገት አትንኩ። ደንግጦ የነከሰ ውሻ ክፉ ተብሎ ነው የሚጣለው። እኛ ጠዋት ጠዋት የምናደርገው እጃችንን አፍንጫዋ አጠገብ እናስቀምጥና እንጠብቃለን፣ ሽታችን ሲደርሳት አፍንጫዋ ይነቃነቃል፣ ከዛ ትከሻዋን በቀስታ ነካ፣ ዓይኗን ስትገልጥ ጉበቷ ዝግጁ ነው። አሁን አሁን ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ጭራዋ መሬቱን መምታት ይጀምራል።