ስም የማይጠይቀው ቲኬት

በቱሉ ዲምቱ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ግቢ በነዋሪዎች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አመራሮች፣ እናቶችና አባቶች፣ ጎረቤቶቼ፤

እንደምን አረፈዳችሁ። ለዛሬ የተያዘው አጀንዳ አጭር ነው፤ በግቢያችን የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ይተከል ወይስ አይተከል የሚል። ሙያዬ ኮምፒውተር በመሆኑ ሊቀ መንበራችን ጉዳዩን አጥንቼ እንዳቀርብ አዘዙኝ። ሦስት ሳምንት አሰብኩበት። ሳስበው ነገሩ ከአንድ ምሰሶና ከአንድ ቆጣሪ እየሰፋ ሄደብኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ራቅ ካለ ቦታ ብጀምር ይቅርታ አድርጉልኝ።

አባቴ ለብዙ ዓመታት በአንበሳ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው እሳፈር ነበር። ተሳፋሪው ሳንቲሙን ያቀብላል፣ ብጫቂ ወረቀት ይቀበላል፣ በዚያው አለቀ። አባቴ በቀን ያን ሁሉ ሰው ሲያሳፍሩ የማንንም ስም አልጠየቁም። ሰውየው ሐኪም ቤት ይሂድ፣ ፍርድ ቤት ይሂድ፣ የተጣላውን ወንድሙን ሊታረቅ ይሂድ፣ የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ብቻ ነበሩ። ያኔ ይህ ነጻነት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ካደግሁና በሥራዬ የሰው መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ ካየሁ በኋላ ነው።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። የኤሌክትሪክ መኪና ተቃዋሚ አይደለሁም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል ያቀረበው ምክንያት እውነት አለው። ነዳጅ የምንገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከራሳችን ወንዝ ይመነጫል። ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ኃይል የሚገኝ ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድባችን ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለ ጭሱ አላስረዝምም፤ ቃሊቲ መንገድ ላይ ከአሮጌ የጭነት መኪና ኋላ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዛሬ የሚሸጠው አዲስ መኪና ጎማ ያለው ኮምፒውተር ነው። በውስጡ ሲም ካርድ አለ፤ ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ያውቃል፤ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ካሜራ አለው፤ አንዳንዱ ወደ ሾፌሩ ፊት የዞረ ካሜራም አለው። ስልካችሁን ስታገናኙት የስም ዝርዝራችሁን ይቀበላል። በአዲሱ የነዳጅ መኪና ላይም ይህ ሁሉ አለ፤ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ነገር ግን እኛ ከአሮጌው ቪትዝና ኮሮላ በቀጥታ ወደዚህ ስለ ዘለልን፣ ለእኛ የኤሌክትሪክ መኪና መግባትና የሚያይ መኪና መግባት አንድ ቀን ሆነ።

ይህ የፈሪ ሰው ግምት እንዳይመስላችሁ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ዴር ሽፒገል የተባለው የጀርመን መጽሔት እንደዘገበው፣ የቮልስቫገን ኩባንያ የሶፍትዌር ክፍል የ800,000 ያህል የኤሌክትሪክ መኪኖችን መረጃ በኢንተርኔት ላይ ያለ በቂ ጥበቃ ትቶት ተገኘ። ከእነዚህ ውስጥ የ460,000 ያህሉ መኪኖች የት እንደቆሙ በትክክል ይታወቅ ነበር። የፖለቲከኞች መኪኖች ነበሩበት፤ የሐምቡርግ ፖሊስ መኪኖችም ነበሩበት። መኪና ሌሊት የት እንደሚያድር፣ እሑድ ጠዋት የት እንደሚቆም፣ በወር አንዴ የትኛው ክሊኒክ በር ላይ እንደሚታይ የሚያውቅ ሰው ስለ ባለቤቱ የቀረው ነገር ጥቂት ነው። ከዚያ ቀደም ሲል በ2015 ዓ.ም. ሮይተርስ የቴስላ ሠራተኞች በደንበኞች መኪና ካሜራዎች የተቀረጹ የግል ምስሎችን እርስ በርስ ይቀባበሉ እንደነበር ዘግቧል። በአሜሪካ ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ የደንበኞቹን አነዳድ መዝግቦ ለመረጃ ነጋዴዎች ሲሰጥ ተገኝቷል፤ መረጃው ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይደርስ ነበር። ድንገት ፍሬን መያዝህ ተቆጥሮ የኢንሹራንስ ክፍያህ ሲጨምር ማለት ነው። የአገሪቱ የንግድ ተቆጣጣሪ በጥር 2017 ዓ.ም. ኩባንያውን ለአምስት ዓመት ከዚህ ድርጊት የሚያግድ ስምምነት ላይ አደረሰው።

እነዚህ ሁሉ የደረሱት ጠንካራ ሕግና ጠንካራ ጋዜጠኛ ባለበት አገር ነው። ወደ እኛ ስንመጣ በግቢያችን ከቆሙት መኪኖች የብዙዎቹ ስክሪን ቻይንኛ ይናገራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መኪኖቹ የተሠሩት ለቻይና ገበያ ነው። ሰባት ሰው የሚይዘውን አይዲ ሲክስ ውሰዱ፤ ቮልስቫገን ለሽያጭ ያቀረበው በቻይና ብቻ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ያመጡት ነጋዴዎች ናቸው። ቻይና ደግሞ በአገሯ የሚሸጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች ያሉበትን ቦታና የባትሪያቸውን ሁኔታ ለመንግሥት መቆጣጠሪያ ማዕከላት እንዲልኩ ታስገድዳለች። እዚህ ከደረሱ በኋላ መላክ አለመላካቸው በሲሙና በመስመሩ ይወሰናል፤ የመላኪያው ዕቃ ግን አብሮ መጥቷል። ገዢው ይህን ሻጩን መጠየቅ ይገባዋል። እስካሁን ካነጋገርኳቸው ጎረቤቶቼ አንዱም አልጠየቀም፤ ሁሉም የጠየቀው አንዴ ቻርጅ ሲደረግ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎ ነው።

ሕግ አለን። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አዋጁ መረጃዬ ለምን እንደሚሰበሰብ የማወቅ መብት ይሰጠኛል። መብቱን የሚጠይቅ ገዢ ካልተገኘ ግን አዋጁ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ መረጃው ከወጣ በኋላ ብንጮኽም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። የነዳጁስ መኪና መች ተሰውሮ ያውቃል? እውነት ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ነው፤ የት ማደያ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሊትር እንደቀዳን ይመዘገባል። የአባቴ ዘመን በነዳጁም በኩል አልፏል። ስለዚህ ወደ አሮጌው መኪና እንመለስ አልልም። የምለው መኪና መያዝ ራሱ፣ በባትሪም ይሁን በቤንዚን፣ መታየትን ይዞ ከመጣ፣ ከመኪና ውጭ ያለውን መንገድ ችላ ማለት የለብንም ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ጠዋት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በራችን ፊት የሚሰለፈውን ሕዝብ አስቡት። 60 ሰው በቤት መኪና ቢሄድ፣ በአንድ መኪና አንድ ሰው ተኩል ያህል ስለሚቀመጥ፣ 40 መኪና ይሆናል። 40 መኪና መከላከያ ለመከላከያ ቢነካካ እንኳ ወደ 180 ሜትር መንገድ ይይዛል፤ አውቶቡሱ 12 ሜትር ነው። ባትሪው መጨናነቅን አያቀልም፤ ቃሊቲ ላይ ያለ ጭስ መቆምም መቆም ነው። በኤሌክትሪክም ቢሆን፣ አንድ መካከለኛ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ 40ዎቹ ወደ 680 ይፈጃሉ። ትልቁ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ግን 60ውን ሰው ይዞ በ120 ያህል ይደርሳል። የአንድ አውቶቡስ ባትሪ የአምስት መኪና ባትሪ ቢሆን ነው። በምንዛሪ ችግር የተነሣ ነዳጅ ትተን፣ በዚያው ምንዛሪ አርባ ባትሪ መግዛታችን ያሳዝነኛል። በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። ስለ መኪና ዓይነት ስንከራከር አብዛኛው ሰው ክርክሩ ውስጥ የለም።

የሕዝብ ትራንስፖርትን ግን ላሞግስላችሁ አልፈልግም፤ ሰልፉን አብሬያችሁ እቆማለሁና። ባቡራችን በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እናቴ ነጭ ለብሰው ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ ደርሰው ተመለሱ፤ ለመድረስ እንጂ ለጉዳይ አልነበረም። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በኋላ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። ሰውን ከሕዝብ ትራንስፖርት ያስኮበለለው የመኪና ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ላይ ቆሞ ያልመጣውን መጠበቅ ነው። ነፍሰ ጡር ሚስት ያለችው፣ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ እግሩ የማይታዘዝለት አባት መኪና ቢገዙ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። እኔ ከባቡሩ የምወስደው ትምህርት ዕቃውን መግዛት ቀላሉ ክፍል መሆኑን ነው፤ ዛሬ በኩራት ያስገባናቸው መኪኖች መለዋወጫቸውና ሶፍትዌራቸው ከሩቅ አገር እስከሆነ ድረስ የባቡሩ ዕጣ ደጃቸው ላይ ቆሟል።

አሁን ወደ አጀንዳው ልመለስ። ቻርጅ ማድረጊያው ይተከል እላለሁ፤ ነገር ግን በየመኪናው ሳይሆን አንድ የጋራ፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ ባለሙያ የገጠመው ይሁን። ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ የሚንጠለጠለው ገመድ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ማሽኑን የሚያቀርበው ድርጅት የተጠቃሚውን ስልክና ስም በመተግበሪያ ልመዝግብ ቢል ማኅበራችን እምቢ ይበል፤ ለሒሳብ የሚያስፈልገው የቤት ቁጥርና የተቆጠረው ኃይል ብቻ ነው፤ ወሩ ሲዘጋ እሱም ይሰረዝ። መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ ወደ እኔ ኑ፤ ለሻጩ የምታቀርቡትን ጥያቄ አብረን እንጽፋለን፤ ሲሙ የማን ነው፣ መረጃው የት ይሄዳል፣ ከእኔ በፊት የተከፈተበት አካውንት ተዘግቷል ወይ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን ሰርቪስ እንድንከራይ ነው። ለልጆቻችን ትምህርት ቤት የምናደርገውን ለራሳችን እናድርገው። ለቻርጅ ማድረጊያው ከተያዘው መዋጮ ግማሹ ለመጀመሪያዎቹ ወራት መያዣ ይሁን፤ አንዱ አውቶቡስ በሳሪስ በኩል ወደ ሜክሲኮ፣ አንዱ በቀለበት መንገድ ወደ ቦሌ ይሂድ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘም በነዳጅ ይጀመር፤ 40 መኪና ከመንገድ የሚያወጣ አውቶቡስ ናፍጣ ቢጠጣም እመርጠዋለሁ። ክፍያው በስልክ ለተመቸው በስልክ ይሁን፤ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ለሚፈልግ ሰውም በሩ ክፍት ይሁን፤ ቲኬቱም ስም የሌለው ወረቀት ይሁን።

የፍላጎት መመዝገቢያው ወረቀት በጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ አለ። ስትወጡ የምትሄዱበትን ሰፈርና ጠዋት የምትነሡበትን ሰዓት ጻፉልን። ስማችሁን አትጻፉ።