ስድሳው ሰዓት የት ይዋል?

በቦሌ አራብሳ ለቅድመ አንደኛ መምህራንና ሞግዚቶች በጳጉሜን ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ሞግዚቶች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ በዚህ ዝናብ ልጅ አዝላችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ እንደምን አደራችሁ።

የአራብሳን የጳጉሜን ጭቃ የሚያውቅ ሰው፣ ዛሬ እዚህ የተገኘ ሁሉ ምን ያህል ከልቡ እንደመጣ ያውቃል። ሞግዚቶች ጫማችሁን በር ላይ ጠርጋችሁ ኋላ ስትቀመጡ አይቻለሁ። እባካችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ወንበር አለ። የምናገረው ነገር ግማሹ ስለ እናንተ ነው።

እኔ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። 19 ዓመት አስተምሬያለሁ። ብዙውን መሃል ከተማ፣ ያለፉትን አምስት ዓመታት ደግሞ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ከመጣን ወዲህ እዚሁ ለሚ ኩራ። በእነዚህ ዓመታት ያገኘሁት የሥልጠና የምስክር ወረቀት አንድ ክላሰር ሞልቷል። አንዳንዱ ሥልጠና ጠቅሞኛል፤ ያሠለጠኑኝን ሰዎች ድካም አላናንቅም። ነገር ግን ክፍል ውስጥ የማደርገውን ነገር ከሥሩ የለወጡት ሁለት ቀናት ናቸው። ሁለቱም አዳራሽ ውስጥ አልነበሩም፤ አበልም የምስክር ወረቀትም አልነበራቸውም። በየዓመቱ ለሙያችን ማሻሻያ ስለምናውለው ስድሳ ሰዓት ዛሬ የምለምናችሁን ነገር የምለምነው በእነዚያ ሁለት ቀናት ምክንያት ስለሆነ ልንገራችሁ።

ወደዚህ ሰፈር በመጣሁበት ዓመት አንድ የአራት ዓመት ልጅ ክፍሌ ገባ። ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ስሙን አልጠራም። ቤተሰቡ ይህ ኮንዶሚኒየም ከመሠራቱ በፊት እዚሁ መሬት ላይ ያርሱ ከነበሩት ናቸው። ልጁ ከመስከረም እስከ ኅዳር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስጠራው ቀና ይላል፣ ስጠይቀው ያቀረቅራል። ሌሎቹ ሲዘምሩ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። እኔ በመከታተያ ደብተሬ ላይ «ትኩረት የለውም፤ ዘገምተኛ ይመስላል» ብዬ ጻፍኩ። በእጄ ነው የጻፍኩት። እናቱንም አስጠርቼ ሐኪም ቢያየው ይሻላል አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ፣ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቀኝ ወጣች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ልጆቹ በሚተኙበት ሰዓት፣ ሞግዚታችን በር ላይ መጥታ በእጇ ጠራችኝ። በዕድሜ ታላቄ ናት። «ሚስ፣ ቀስ ብለሽ ነይ» አለችኝ። ልጁ አልተኛም፤ ከፍራሾቹ ጀርባ ቁጭ ብሎ ቅልሞሽ ይጫወታል። ጠጠሯን ወደ ላይ ይወረውርና ከታች ያሉትን እየለቀመ ይቆጥራል። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን…» እስከ አሥር ደረሰ። አንዱ ጠጠር ሲያመልጠው መልሶ ከቀሪው ጋር ደመረውና እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ሞግዚቷን ሲያያት ፊቱ በራ፤ ስለ አንዲት ጥጃ ይነግራት ጀመር። አያቶቹ ጋ የተወለደች ጥጃ ናት። እናቷ ስትልሳት፣ ለመቆም ስትንገዳገድ፣ ሁሉንም በእጁ ጭምር እያሳየ በኦሮምኛ ይተርክላታል።

«ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አልኳት።

«ከመስከረም ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠይቆኝ!» አለች።

እውነቷን ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አብረን እየዋልን፣ እሷ ሽንት ቤት የምታደርስና ምሳ የምታበላ፣ እኔ ደግሞ የማስተምር አድርጌ ከፍዬው ነበር። ልጁን የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ደብተሩ ላይ የምጽፈው ግን እኔ ነበርኩ። በማግስቱ እናቱን አስጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ያን ቀንም ብዙ አልተናገረችም፤ እጄን ይዛ ትንሽ ቆመች።

የአንጎል ሳይንስ የሚነግረን ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት በሕፃን አንጎል ውስጥ በየሰከንዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ግንኙነቶች የሚጠነክሩት ልጁ ድምፅ ሲያወጣ የሚመልስለት፣ ሲጠቁም አብሮ የሚያይለት ትልቅ ሰው ሲያገኝ ነው። እኔ ለዚያ ልጅ ሦስት ወር ሙሉ መልስ አልሰጠሁትም። ልጁ ችግር ኖሮበት ሳይሆን እኔ ማየት ሳልችል ቀርቼ ነው። የትኛው ሥልጠና ይህን ሊያሳየኝ ይችል ነበር? ስለ ብዝኃ ቋንቋ የሚያወራ ስላይድ አይቻለሁ፤ ገልብጬም ጽፌዋለሁ። ልጁ ግን ስላይዱ ላይ አልነበረም።

ሁለተኛው ቀን የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። አንዲት ባልደረባዬ ክፍሌ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንድትቀመጥ ጠየቅኳት። «ምን ልይልሽ?» አለችኝ። «የምጠይቃቸውን ጥያቄ ብቻ ጻፊልኝ፤ አስተያየት አልፈልግም» አልኳት። ደብተሯን ስትሰጠኝ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ 41 ጥያቄ ጠይቄያለሁ። «ይህ ምንድን ነው?» «ቀለሙ ምንድን ነው?» «ገባችሁ?» ከሁለቱ በቀር ሁሉም በአንድ ቃል ወይም «አዎ ሚስ!» በሚል የጋራ ጩኸት የሚመለሱ ናቸው። ከጎኑ ደግሞ ሳልጠይቃት አንድ ነገር ጨምራለች፦ «መልሱን የምትናገሪው አንቺው ነሽ።» ልጁ አፉን ሳይከፍት እኔ እቀድመዋለሁ።

በኋላ ሳነብ ይህ የእኔ ብቻ ችግር አለመሆኑን አወቅኩ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የክፍል ውይይቶችን ቀድታ ስታጠና፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ምንም ወጪ የለውም። እኔ ግን እሷን ለመልመድ አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ፈጅቶብኛል፤ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ ዝምታ ሲሆን የማላስተምር ይመስለኝ ነበር። ባልደረባዬ በየሳምንቱ እየመጣች ባትቆጥርልኝ ኖሮ አልለምደውም ነበር።

አሁን ወደ ስድሳው ሰዓት ልምጣ።

ትምህርት ሚኒስቴር ከብዙ ዓመታት በፊት ባወጣው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ተደንግጓል። ተሙማ የምንለው ይህ ነው። ተሙማ ሲባል የብዙዎቻችን ፊት እንደሚጨማደድ አውቃለሁ። ሰኔ ላይ ቅጽ የምንሞላበት፣ ያላደረግነውን አደረግን ብለን ለማህደር የምንፈርምበት ነገር ሆኖብናል። እኔም ፈርሜ አውቃለሁ። ግን ሐሳቡ ራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ችግርን ለይ፣ ዕቅድ አውጣ፣ ሥራ፣ መልሰህ መዝን ነው የሚለው። ከራስህ ክፍል ተነሣ ማለት ነው። እኛ ነን ከክፍል አውጥተን ወረቀት ላይ ያስቀመጥነው።

ስሌቱን አብረን እናስላ። የትምህርት ዘመናችን ወደ 40 ሳምንት ግድም ነው። 60 ሰዓት ለ40 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ይመጣል። ልጆች በ9 ሰዓት ይወጣሉ። ዓርብ ከ9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል መምህራንና ሞግዚቶች አንድ ላይ ብንቀመጥ ስድሳው ሰዓት ሞላ። በዚያው ሳምንት አንዳችን የአንዳችንን ክፍል ግማሽ ሰዓት አይተን፣ ዓርብ ያየነውን እንነጋገራለን። የምጠይቀው ይህንን ነው።

ይህ ለምን አሁን? በ2002 ዓ.ም. ሦስት ሚኒስቴሮች፣ ማለትም የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ፣ አንድ ላይ ሆነው የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ሲያወጡ፣ በአገራችን ከአሥር ሕፃናት አንዱ እንኳ አፀደ ሕፃናት አይገባም ነበር። ከዚያ ኦ ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የአንድ ዓመት ዝግጅት፣ መጣ፣ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ልጆች ጎረፉ። የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። በሩ ተከፍቷል፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ልጆቹ ከመምህራኑ ዝግጅት ቀድመው ደረሱ። ለአንደኛ ክፍል የሠለጠነች መምህርት ኦ ክፍል ግቢ ትባላለች፤ እሷም የምታውቀውን የአንደኛ ክፍል ትምህርት ታወርድላቸዋለች። አልፈርድባትም። ሌላ መንገድ ያሳያት የለም።

ዓርብ ላይ ምን እናወራለን ለምትሉ፣ አንዱን ላንሳ፤ ፊደልን። ሁላችንም ክፍል ውስጥ «ሀ ሁ ሂ ሃ» በዜማ ይባላል፤ ወላጅ በመስኮት ሲሰማ ደስ ይለዋል። እስቲ አንዱን ልጅ ጠርታችሁ «ሙ» ላይ ጣታችሁን አድርጉ። ብዙዎቹ ከ«መ» ይጀምሩና እየዘመሩ እዚያ ይደርሳሉ። ዜማውን ያውቃሉ፤ ፊደሉን ገና አላወቁትም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ይህን ሁሉ በዜማ ማስጠናት ይቻላል፣ በዜማ ብቻ ማስነበብ ግን አይቻልም። የኔታ ይህን ከእኛ በፊት ያውቁ ነበር። ሀሁን በስንደዶ እያስጠቆሙ ካስቆጠሩ በኋላ አቡጊዳን የሚያመጡት ለዚህ ነው፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቅደም ተከተሉም ቤቱም ሲዘበራረቅ ልጁ ዜማውን መደገፍ አይችልም፤ ፊደሏን ራሷን ማየት አለበት። እንግዲህ ከውጭ የመጣ ዘዴ ብቻ አንጠብቅ። አንዷ መምህርት ፊደል በቆርኪ ላይ ጽፋ ልጆች በስማቸው መጀመሪያ ድምፅ እንዲለቅሙ ስታደርግ አይቻለሁ፤ ዓርብ ዕለት ይህን ታሳየን፤ ሌላዋ እንቆቅልህን እንዴት ለድምፅ መለያ እንደምትጠቀምበት ታሳየን። «ምን አውቅልህ!» ሲሉ ልጆቹ እኮ ሙሉ ትኩረታቸው እኛ ጋ ነው።

ስለ ጨዋታም እንነጋገራለን። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ ከቤት ወጥቶ አባሮሽ የሚጫወትበት ቦታ ስንት ነው? ዕቃቃ የሚጫወትበት አፈር የት አለ? መኪና ማቆሚያው ላይ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ የእኛ ግቢ ለእሱ መንደሩም ነው። ዕቃቃ ሲጫወቱ «አንቺ እናት፣ እኔ ሐኪም» ብለው ሚና ሲከፋፈሉ፣ ተራ ሲጠብቁ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ራሳቸውን መግዛት እየተማሩ ነው። ይህን ለማየት ግን የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጊዜ ማባከን ይመስላል።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ የእናንተን እርዳታ እፈልጋለሁ። ማታ ደብተሩን ከፍታችሁ ባዶ ስታገኙት «ምንም አልተማረም» ትላላችሁ። ገንዘባችሁን ከጉሮሯችሁ ቀንሳችሁ ስለምትከፍሉ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። እኛም ቅሬታችሁን ፈርተን ጣቱ ገና እርሳስ መያዝ ያልቻለን ልጅ አንድ ገጽ «ኤ» እናስጽፈዋለን። ከዚህ በኋላ ስትመጡ «ምን ጻፈ?» ከማለት «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወተ? ምን ተናገረ?» ብላችሁ ጠይቁን። ያን መመለስ ካልቻልን ያኔ ውቀሱን።

ርዕሳነ መምህራን፣ ዓርቡ በእናንተ እጅ ነው። ዓርብ ከሰዓት ስብሰባ፣ የክፍያ ክትትል፣ የበዓል ዝግጅት አትጥሩብን። መምህርት የባልደረባዋን ክፍል በምታይበት ግማሽ ሰዓት፣ እናንተ ክፍሏን ያዙላት። ከልጆቹ ጋር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ለእናንተም ይጠቅማል። ደግሞም ማንም የባልደረባውን ክፍል ያየ ሰው ያየው ነገር የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ውስጥ እንዳይገባ ቃል ግቡልን። ነጥብ ከተቀላቀለበት ማንም በሩን አይከፍትም፤ የተዘጋጀ ትምህርት ብቻ ነው የምናሳየው።

ደመወዝን ዘልዬ ባልፍ እዋሻለሁ። ከእናንተ ውስጥ በተለይ ሞግዚቶች፣ የቤት ኪራይና ታክሲ ከከፈላችሁ በኋላ ወር የማይዘልቅ ገንዘብ እንደምታገኙ አውቃለሁ። የሙያ ማሻሻያ የደመወዝ ምትክ ተደርጎ ሊቀርብላችሁ አይገባም። ሁለቱንም እንጠይቃለን። ዓርብን ግን ደመወዙ እስኪስተካከል አናቆየው፤ በዚህ መስከረም አራት ዓመት የሚሞላው ልጅ በሚቀጥለው መስከረም አምስት ይሆናል።

የመጀመሪያው ሳምንት በእኔ ክፍል ይሁን። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ አንዲት መምህርትና አንዲት ሞግዚት መጥታችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ሞግዚቷ ከሌላ ትምህርት ቤት ብትሆን እመርጣለሁ። የምትጽፉልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ያላናገርኳቸው ልጆች እነማን እንደሆኑ። ስማቸው ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ይጠብቃችኋል። ዓርብ በ9 ሰዓት ዝርዝሩን ሁላችሁም ፊት አነበዋለሁ። መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ካለው ወረቀት ላይ ጻፉ፤ እስክሪብቶ አስቀምጫለሁ።

አመሰግናለሁ።